በነሐሴ የቆጠርነው ሰፈር

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሁለት ልጃገረዶች በሬን አንኳኩ። አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለዋል፤ አንደኛዋ ታብሌት ይዛለች፣ ሌላዋ ጥላ። የከተማው ፕላን ሊከለስ ስለሆነ የሴቶች ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ። ማኅበሩን ያቋቋምኩት እኔ እንደሆንኩ አንዳቸውም አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ሲያወራላችሁ እንጂ ራሳችሁ ስታወሩት አያምርም። ስንት ክፍል እንዳለኝ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቁኝ። ባለታብሌቷ ጨርሳ ስትነሳ ከአሮጌው ሐዲድ ማዶ ወዳለው ሜዳ አየት አድርጋ "እማማ፣ እዚያ ማዶ ያለው ባዶ ነው አይደል?" አለችኝ። በዋዜማው ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ገና ይሸታል። የአዋሽ አቧራ ውኃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ያን ሽታ ሳልሳቀቅ አሽትቼው አላውቅም። "ሌላውን ቤት ጨርሱና ተመለሱ፤ ስለ ሜዳው ያኔ እነግራችኋለሁ" አልኳቸው። እነሱ ሄዱ፣ እኔ በረንዳው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ያኔ አዋሽ የባቡር ከተማ ነበረች። ጣቢያው፣ ወይን ጠጅ አበባ የወረሰው የጣቢያው ሆቴል፣ የሠራተኞቹ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ የመኪናው መንገድና ሱቆቹ፤ በቃ ይኸው ነው። አባቴ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ማዕዘን ላይ ሻይ ቤት ከፈተ፣ ሲሞት እኔ ወረስኩት። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ሳምቡሳም በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ሳምቡሳዬ ላይ ግን ቃሪያውን ስለማልሰስት ከድሬዳዋ የሚመጡት ሳይቀሩ በስሜ እየጠሩ ይፈልጉኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ የባቡር ሠራተኞች "ቦንዡር" ብለው ገብተው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ይወጣሉ፤ ክርስቲያኖቹም ጭምር። ባቡሩ ሲቆም ሐብሐብ ሻጮቹ በመስኮቱ ይንጠላጠላሉ፣ ከወዲያ ወገን ድሪያ የሚባለው ስስ የድሬዳዋ ቀሚስ በጥቅል በጥቅል ይወርዳል። አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ ያለበት ብርቱካንማ ድሪያ መጣና ሰፈሩ በሙሉ ገዛው፤ አንድ ወር ያህል ባሎች ከኋላ ሚስታቸውን መለየት አቃታቸው ብለን ስንስቅ ከረምን። ከአንዱ ሱቅ የወሎ ዜማ፣ ከሚቀጥለው የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ ካሴቱ በሙቀት ስለሚሳብ ዘፋኞቹ ሁሉ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ያዜሙ ነበር። አሁን አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይነዳል፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ መስኮቱም አይከፈትም። ለማን ሐብሐብ ይሸጥበታል?

ማኅበራችን የተጀመረው አንዲት መንገደኛ ጣቢያው ላይ ስትወልድ ሕፃኑን የምንጠቀልልበት አጥተን የሻይ ቤቴን መጋረጃ የቀደድን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አልማዝ የምትባል የትኬት ሻጩ ሚስት "እት ሰዓዳ፣ ሁልጊዜ መጋረጃ ልንቀድ ነው?" ብላ ነገሩን አነሳችው። አልማዝ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፣ ሌሎቹም ከየአገሩ የመጣን፤ አሥራ አንድ ሴቶች ሆነን ጀመርን። ወላድ እናነሳለን፣ ዘመድ የሌላትን ሬሳ እናጥባለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቦኖውን ዙሪያ እንጠርጋለን። ደሞዝ የለ፣ አበል የለ። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሰማያዊ ሻሽ እናስር ነበር፤ አልማዝ ደግሞ ከየት እንዳስቀረጸችው እንጃ ክብ ማኅተም አመጣች፣ መሃሉ ላይ ሁለት እጅ የተጨባበጠበት። በዚያ ማኅተም የነበረንን ኩራት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

መዲናን ያገኘናት በዚሁ ሥራ ነው። አፋር ናት፤ ከሐዲዱ ማዶ በሰሌን ቤቷ ውስጥ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሆኗታል ተብሎ ተጠራን። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስድ መኪና ስላልነበረ የሐዲድ ጠጋኞቹን ጋሪ ለምነን በሐዲዱ ላይ ጭነናት ገፋን። ከኋላችን ባቡር ይመጣ ይሆን እያልን አንገታችን እስኪጣመም እየዞርን ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዲና "እህቴ" ትለኛለች። ከብቶቿና ግመሎቿ ወንዙ አካባቢ በሚቆዩበት በበጋው ሁሉ ጎረቤቴ ነበረች፤ ወተቷን ታመጣለች፣ ሻዬን ትጠጣለች፣ ስኳር አነሰው ብላ ታኮርፋለች። ክረምቱ ሲገባና አላይደጌ ሜዳ ሲለመልም ቤቷን ራሷ ነቅላ፣ ሰሌኑንና ዘንጉን ግመል ላይ ጭና ትሄዳለች። አፋር ዘንድ ቤት የሴት ነው፤ የምትተክለውም የምትነቅለውም እሷ ናት። ከቤቷ ቦታው ላይ የሚቀረው ክብ አድርጋ የደረደረቻቸው ድንጋዮችና ሦስቱ የምድጃ ጉልቾች ብቻ ናቸው፤ በኅዳር ተመልሳ እዚያው ላይ ትተክላለች። እናቷም እዚያው ነበር የምትተክለው።

እንግዲህ የኔ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ለአዋሽ አዲስ ፕላን ሊወጣ ነው፣ ሕዝቡም ይሳተፋል ተባለና የሰፈራችንን ቆጠራ የሴቶች ማኅበሩ እንዲሠራው ተጠየቅን። እስከዚያ ድረስ ስብሰባ ሲኖር ለስብሰባው ሻይ የምናፈላ ሴቶች ነበርን፤ በወረቀት ስንጠየቅ የመጀመሪያችን ነው። ሰንጠረዡ ቤት፣ ሱቅ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ባዶ የሚሉ ሳጥኖች ነበሩት። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ዘንቦ መሬቱ ይሸታል፤ እስከ ዓርብ አድርሱ ተብለናል። ከሐዲዱ ማዶ ስንደርስ አንድ ሰው አልነበረም። አልማዝ እርሳሷን አፏ ላይ አድርጋ "እት ሰዓዳ፣ ይሄ እኮ የእነ መዲና ነው" አለችኝ። "ቤት ይታይሻል? ቤት ካየሽ ቁጠሪ" አልኳት። ደክሞኝ ነበር፣ ሞቆኝ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱ ያለ እንከን ተሞልቶ በጊዜው እንዲደርስ፣ እነዚህ ሴቶች ሥራ ያውቃሉ እንድንባል ፈልጌ ነበር። ቁጭ ብዬ "ባዶ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ፣ ማኅተሙንም መታሁበት። የተቀመጥኩት የመዲና ምድጃ ድንጋይ ላይ ነው።

መዲና በኅዳር ስትመለስ ድንጋዮቿ ላይ ኖራ ፈስሷል፣ ችካል ተተክሏል። ቦታው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። ግመሎቿን እንደተጫኑ ትታ በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ባዶ ነው ያለው ማነው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ፤ የመንግሥት ሰዎች ይሆናሉ" አልኳት። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሻሿን መልሳ አሰረች። ቀጥላም "ፕላኑ ሰመራ ላይ ሳይጸድቅ ነዋሪ መጥቶ ይናገር ተብሏል። አንቺ የወረቀት ቋንቋ ታውቂያለሽ። አብረሽኝ ነይ" አለችኝ። እምቢ ብል ለምን ትለኛለች፤ እሺ ብል ወረቀቱ እዚያ ይጠብቀኛል። እሺ አልኳት። ልቤ ውስጥ የነበረው ግን ቅን ነገር አልነበረም፤ ቦታውን ባስመልስላት የጻፍኩት ሳይታወቅ ይቀራል የሚል ነው። ሌላም ነገር ፈርቻለሁ። ወረቀቱ ሐሰት ነው ከተባለ ማኅበራችን ሁለተኛ የሚጠራው ለሻይ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በአንድ የሻይ ቤቴ ደንበኛ ባለ ተሳቢ መኪና ተሳፈርን። የደሴ ሰው ነው፣ ጋቢናው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ቀይ ዘርፍ ያንጠለጠለ። ካሴቱን ከፍ አድርጎ "እትዬ ሰዓዳ፣ ዛሬስ ሳምቡሳ ሳትይዢ?" እያለ ሊያጫውተን ይሞክራል። መዲና መሃል ተቀምጣ ጥቁር ሻሿን እስከ አገጯ ስባ መንገዱን ብቻ ታያለች። ስብሰባው በማግሥቱ ጠዋት ስለነበር ጊዜ ነበረን፤ እኔ ግን መኪናው ባዘገመ ቁጥር ነፍሴ ትጨነቃለች። መድረሱንም አለመድረሱንም እኩል ፈርቼው ነበር።

ገዋኔ ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። መዲና ከግራር ሥር አንድ የምታውቃቸው ሽማግሌ አየችና ወረደች። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ይቀመጥና ዳጉ ይቀባበላል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ፤ የዝናቡን፣ የከብቱን፣ የታመመውን፣ የተጣላውን ሁሉ በየተራ ይነጋገራሉ። ያየውን የደበቀ፣ ያላየውን የጨመረ ሰው ወሬው ሁለተኛ አይሰማለትም፤ ከዚያ የባሰ ውርደት የለም። መዲና እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አፋርኛ እሰማለሁ፣ መናገሩ ነው የሚያስቸግረኝ። ስለ ኖራው ነገረቻቸው፣ ስለ ችካሉም ነገረቻቸው። ማን እንዳደረገው አላነሳችም። ሽማግሌው ጨርሰው ሰሙና ወደኔ ዞረው በአማርኛ፣

"አንቺስ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" አሉኝ።

"ሁሉም ደህና ነው አባባ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰላም ነው" አልኩ።

ሽማግሌው ገና የምጨምረው ያለኝ ይመስል ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ጠበቁኝ። መዲና በስንጥር መሬቱን ትጭራለች።  ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፣ እኔ ቀድሜ ተነሳሁ። በሕይወቴ የመኪና ጥሩንባ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

 ሚሌ ላይ የደሴው መንገድ የሚገነጠልበት ምግብ ቤት ገብተን ሥጋ በሩዝ አዘዝን። እዚያ ምግብ ቤት የሾፌር ጫጫታ፣ የዶሚኖ ድንጋይ ጠረጴዛ ሲመታ፣ ከጅቡቲ የመጣ ብስኩት በየመደርደሪያው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። መዲና ሳህኗን አልነካችም። "ብዪ እንጂ" ስላት "አንቺ ብዪ" አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ውኃ ጠጣሁበትና ዘጋሁት።

ሰመራ ያኔ ገና እየተሠራች ነበር፤ ከሜዳው መሃል ሕንፃዎች ብቻቸውን ቆመዋል፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ሎጊያ አድረን ጠዋት አዳራሹ ስንደርስ ሰው ሞልቷል፤ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ፊት ተቀምጠዋል፣ ባለሙያዎቹ ከጎን ናቸው። ፕላኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የመዲና ሜዳ ግራጫ ተቀብቷል። ሰብሳቢው ሸሚዝና ሽርጥ የለበሰ ወጣት አፋር ነው፤ ትሑት ነበር፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። መዲና ተነስታ ቦታው የሷና የእናቷ እንደሆነ ተናገረች። ሰብሳቢው ማህደሩን አገላብጦ አንድ ወረቀት አወጣና ከፍ አድርጎ አሳየ።

"እናቴ፣ እኛ ከራሳችን አላመጣነውም። የሰፈሩ ነዋሪ ቆጥሮ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ የላከው ነው።"

መዲና ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን ግን ታውቀዋለች። ሄዳ ወረቀቱን ተቀበለችው። አዳራሹን አቋርጣ መጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ሁሉም እየሰማ፣

"ሰዓዳ፣ ምን ይላል? አንብቢልኝ" አለች።

 ከኔ በቀር ወረቀቱን የሚያይ ስላልነበረ ሌላ ነገር ላነብላት እችል ነበር፤ ይህን አስቤዋለሁ፣ ዛሬ ብክደው ምን ይጠቅመኛል። ግን በገዋኔው ሽማግሌ ፊት የሸሸሁት ጥያቄ ተከትሎኝ እዚህ ድረስ መምጣቱ ገባኝ። ከዚህ ወዲያ የሚነፋ ጥሩንባ አልነበረም።

"'ከሐዲዱ ማዶ፣ ከቦኖው እስከ ግራሩ፣ ባዶ' ይላል" አልኩ።

"የማን እጅ ነው?"

"የኔ ነው።"

"የት ሆነሽ ጻፍሽው?"

ቀና ብዬ አየኋት። የምታውቅ ሰው ዓይን ነበር።

"ምድጃሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ። የማን እንደሆነ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት" አልኳት።

 ሰብሳቢው "በየትኛው ወር ነው የቆጠራችሁት?" ብሎ ጠየቀኝ። "በነሐሴ" ስለው ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ሳይፈልጉ ሳቁ። "በነሐሴማ ፈልጋችሁ እኔንም አታገኙኝም። ከብቶቼ ተነስተው ባዶ ቦታ ልጠብቅ ለምን እቀመጣለሁ?" አሉ። ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰብሳቢው ለምን ቀደም ብዬ እንዳልተናገርኩ ጠየቀኝ፤ ፈርቼ ነው አልኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ የሰፈራችን ወረቀት ከማህደሩ ወጥቶ በጥር እንደገና እንዲቆጠር፣ ከቆጣሪዎቹም እኩሌታው አፋር ሴቶች እንዲሆኑ ተወሰነ።

ውጭ ስንወጣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። "መቼ አወቅሽ?" አልኳት።

"አላይደጌ ሳለሁ። አንድ ግመል ጠባቂ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ድንጋይሽ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ከሩቅ አየሁ ብሎ ነገረኝ። እዚህ የመጣሁት ለመሬቴ ነው። ገዋኔ ያስቀመጥኩሽ ግን ላንቺ ብዬ ነበር" አለችኝ።

አለቀስኩ። አላባበለችኝም።

ስንመለስ ገዋኔ ላይ ሽማግሌው እዚያው ግራር ሥር ነበሩ። መዲና ከኋላ ገፋ አደረገችኝና ራቅ ብላ ተቀመጠች። በተሰባበረ አፋርኛዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰንጠረዡን፣ ሙቀቱን፣ ድንጋዩን፣ በፊታቸው የዋሸሁትን ጭምር። ቃል ሲጠፋኝ መዲና ካለችበት ሆና ታቀብለኛለች። ስጨርስ ሽማግሌው "ሰምተናል" አሉና ተነሱ። መዲና ከመንገድ ዳር ሐብሐብ ገዝታ ጉልበቷ ላይ ፈለጠችውና መሃሉን ለኔ ሰጠችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ከዚያ በኋላም ብላኝ አታውቅም።

በጥር መዲናም ሰማያዊ ሻሽ አስራ አብራን ቆጠረች። ቦታውን በሙሉ አላስመለስንም፤ ከአስፋልቱ አጠገብ ያለው ቁራጭ ለመኪና ማቆሚያ ሄደ። የቀረው ግን ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ የበጋ መንደር ተብሎ ተጻፈበት። የኔ ዳጉ ደግሞ ከኔ ቀድሞ ሸለቆውን አዳረሰው። ስንት ዓመት ቆይቶ ሎጊያ ላይ አንድ ባለሱቅ "ባዶ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ። "ያነበብኩትም እኔ ነኝ" አልኩት፤ ስኳሩን ሲመዝን ጨመር አደረገልኝ። መዲና ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ አላህ ይዘንላት። ያቺ፣ እናቷን በጋሪ በሐዲዱ ላይ ገፍተን የተወለደችው ልጅ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በየኅዳሩ እዚያው ድንጋይ ላይ ትተክላለች።

ልጃገረዶቹ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ይዣቸው ሐዲዱን ተሻገርኩ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ። ድንጋዮቹን አሳየኋቸው፤ ክቡን፣ ጉልቾቹን፣ ጥቀርሻውን። ባለታብሌቷ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን ይዤ አስቀረኋት።

"ታዲያ ምን ብዬ ልሙላው እማማ?"

"አላይደጌ ሄደዋል፣ በኅዳር ይመለሳሉ ብለሽ ጻፊ።"

ጣቷን መስታወቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ስትል ቆየች። "እንዲህ የሚል ሳጥን የለውም" አለችኝ።

"ያኔም አልነበረውም" አልኳትና፣ የምትጽፍበት ቦታ እስክታገኝ ድረስ አጠገቧ ቆምኩ።